ደም ውስጥ የገባ ፈንገስና "የኢሚዩኒቲ መርፌ"፦ የአንዲት የኮምቦልቻ እናት ኬዝ

ሰሞኑን "የኢሚዩኒቲ መርፌ የት ይገኛል" የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። የሚጠይቀኝ ደሞ ጤነኛ ሆኖ ቫይታሚን የሚፈልግ ሰው አይደለም፣ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) በር ላይ ፌስታል ይዞ የተቀመጠ አስታማሚ ነው፣ ውስጥ የተኛችው እናቱ ወይ እህቱ ናት፣ ሐኪሙ "ደሟ ውስጥ ፈንገስ ገብቷል፣ ሰውነቷም መከላከል አቅቶታል" ብሎታል፣ እሱም ስልኩን ከፍቶ ሲፈልግ ሲፈልግ ኢንተርፌሮን የሚባል ስም አግኝቷል። ስለዚ አንድ ኬዝ ከላይ እስከታች ልጻፈው። ደሴ ውስጥ ክሊኒካል ፋርማሲስት ነኝ። ታካሚዋም ቤተሰቧም እንዲጻፍ ፈቅደዋል፣ ማንነቷን የሚጠቁም ነገር አውጥቻለሁ፣ ሆስፒታሉንም አልጠራም።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ፈንገስ ደም ውስጥ ሲገባ የሰውነትን መከላከያ የሚያግዝ ህክምና አለ፣ ወሬ አይደለም፣ ሰው ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ታትሟል። ግን ትርጉም የሚኖረው መከላከያው መድከሙ ተለክቶ ለታወቀ ሰው፣ እሱም በፀረ ፈንገስ መድኃኒት ላይ ተደርቦ ሲሰጥ ነው። ከዛ በፊት ደሞ የታካሚውን መከላከያ ተጭነው የያዙ ነገሮች አሉ፣ እነሱን ማንሳት ደሴም ላይ ይቻላል፣ ዛሬውኑ ይቻላል፣ በዚች ሴት ላይ ያየሁትም ይሄንኑ ነው።

ታካሚዋ

በ40ዎቹ አጋማሽ ያለች የኮምቦልቻ ሴት ናት፣ በርበሬና ቅመም ትነግዳለች፣ የልጆች እናት ናት። ስኳር አለባት፣ ግሊበንክላማይድና ሜትፎርሚን ትወስዳለች፣ ገበያ ሲበዛባት ግን የምትዘለው ቀን ብዙ ነው። ሆዷን ሲያማት ጨጓራ ነው ብላ ተልባ እየጠጣች ቤት ቆየች፣ እየባሰባት ሲሄድ ሐረጎን አሳልፈው ደሴ አመጧት፣ ሆዷ ሲከፈት ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ መግሉ ተሰራጭቷል። ሰርጂኖቹ አጠቡት፣ ከኦፕሬሽን ስትወጣ ግን ግፊቷ ወርዶ አይሲዩ ገባች። አንገቷ ላይ ሴንትራል ላይን (ትልቅ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ) ገባላት፣ ግፊት የሚጨምረው ኖርኢፒነፍሪን ተጀመረ፣ ግፊቱ አልነሳ ሲል ሃይድሮኮርቲዞን የሚባለው ስቴሮይድ ተጨመረ፣ አንቲባዮቲኩም በሴፍትሪአክሶንና ሜትሮኒዳዞል ተጀምሮ ትኩሳቷ ሲመለስ ወደ ሜሮፔነምና ቫንኮማይሲን ተቀየረ። ይሄ ሁሉ በወቅቱ ልክ ነበር፣ ያለሱ አትተርፍም ነበር።

ተሻላት። መተንፈሻ ማሽኑ ወጣላት፣ ግፊቷ ያለ መድኃኒት ቆመ፣ ልጆቿን በስም እየጠራች አወራች። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ግን ትኩሳቷ 39ን አለፈ፣ ስኳሯ ከ300 በላይ ወጥቶ አልወርድ አለ፣ ትቃዣለች። ሆዷ ውስጥ የቀረ መግል ይኖር ይሆናል ተብሎ አልትራሳውንድ ታየች፣ የተጠራቀመ ነገር የለም። ወባም ታየ (የኮምቦልቻ ሰው አተኩሶት ወባ ሳይታይ አይታለፍም) ኔጌቲቭ ነው፣ ኤችአይቪም ኔጌቲቭ። ከክንዷም ከላይኑም ደም ተወስዶ ብለድ ካልቸር (ደሙ ውስጥ ያለ ጀርም በጠርሙስ በቅሎ የሚታይበት ምርመራ) ተላከ። የደም ቆጠራዋ ላይ ኒውትሮፊሏ ከፍ ያለ ነው፣ ሊምፎሳይቷ ግን 480 ብቻ፣ ዝቅ ያለ ነው (ሁለቱም የነጭ የደም ሴል አይነቶች ናቸው)። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ ወደኋላ እመለስባታለሁ።

ጠርሙሱ ውስጥ የበቀለው

ጠርሙሱ በሁለተኛው ቀን ደፈረሰ። ላብራቶሪ ያለችው ልጅ ግራም ስቴይን የሚባለውን የማቅለሚያ ምርመራ ሰርታ ጠራችን፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳይ ከባክቴሪያ በብዙ የሚተልቅ፣ ወይን ጠጅ የተቀባ ሞላላ ህዋስ ነው፣ አንዳንዱ ጎኑ ላይ አጎንቁሏል፣ ልክ ሊላቀቅ የደረሰ ትንሽ ህዋስ አንጠልጥሏል። የእርሾ ቅርጽ ያለው ፈንገስ ነው፣ በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ታካሚ ደም ውስጥ ደሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካንዲዳ ነው።

ራውንድ (ታካሚ እየዞርን የምንወያይበት) ላይ "ከቆዳ የገባ ኮንታሚኔሽን ሊሆን ስለሚችል እንድገመውና እንየው" የሚል ሀሳብ ተነሳ። ሲኒየሩ ኢንተርኒስት ወዲያው ነው የዘጋው። አንዳንድ የቆዳ ባክቴሪያ ላይ እንደዛ ማሰብ ይቻላል፣ ካንዲዳ ብለድ ካልቸር ላይ ከወጣ ግን አንድ ጠርሙስ ላይ ብቻም ቢሆን እንደ እውነተኛ ኢንፌክሽን ተቆጥሮ ይታከማል፣ ሌላ ምርጫ የለውም። ካልቸር ራሱ ሰውነት ውስጥ የገባ ካንዲዳ በግማሽ ገደማ ያመልጠዋል፣ ስለዚ ያገኘውን ደሞ ንቆ መጣል ማለት በጨለማ የተገኘችን አንዲት መብራት ማጥፋት ነው። በየአገሩ በወጡ ጥናቶች ደሙ ውስጥ ካንዲዳ ከተገኘበት 100 ሰው 40 አካባቢው ይሞታል፣ መድኃኒቱ በዘገየ ቁጥር ደሞ ይብሳል።

ልጅቷ ጀርም ቲዩብ የሚባለውን ቀላል ምርመራ ሰራች። ፈንገሱን ከሰው ሴረም ጋር 37 ዲግሪ ላይ 2 እስከ 3 ሰዓት አስቀምጠህ ታየዋለህ፣ ካንዲዳ አልቢካንስ ከሆነ ቀጭን ጭራ ያወጣል። የእሷ አላወጣም። ስለዚ ምናልባት ትሮፒካሊስ፣ ፓራፕሲሎሲስ፣ ግላብራታ ወይ ክሩሴይ ነው ማለት ነው። ይሄ ለፋርማሲስት ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ክሩሴይን ፍሉኮናዞል የሚባለው ፀረ ፈንገስ ከተፈጥሮው አይነካውም፣ ግላብራታም ብዙ ጊዜ ይለምደዋል፣ እኛጋ በብዛት ያለው ደሞ ፍሉኮናዞል ነው።

ፈንገሱ ከየት መጣ

ልጆቿ መጀመሪያ የጠየቁኝ ይሄን ነው፣ "ከሆስፒታሉ አልጋ ነው የያዛት?"። ካንዲዳ በአብዛኛው ከራስ ነው የሚመጣው። አፋችን ውስጥ፣ አንጀታችን ውስጥ፣ ቆዳችን ላይ፣ የሴት ብልት ውስጥ ይኖራል፣ ጎረቤቶቹ ባክቴሪያዎች ቦታ ስለማይሰጡት አይበዛም። ጠንካራ አንቲባዮቲክ ሲሰጥ ባክቴሪያው ይሞታል፣ አንቲባዮቲክ ፈንገስን ስለማይነካው እሱ ሜዳውን ብቻውን ይይዛል። የእሷ አንጀት ደሞ ተቀዷል፣ አንገቷ ላይ በቀጥታ ወደ ደም የሚገባ ቱቦ አለ። ፈንገሱ ቱቦው ላይ ተለጥፎ ሙጫ የመሰለ ሽፋን ይሰራል፣ ከዛ ሽፋን ስር ሆኖ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም፣ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ደም ይለቀቃል።

መከላከያው ደሞ እንዲህ ነው። ደም ውስጥ የገባ ካንዲዳን መጀመሪያ የሚገጥመው ኒውትሮፊል ነው። ሞኖሳይትና ማክሮፋጅ የፈንገሱን ግድግዳ፣ ቤታ ግሉካን የሚባለውን፣ ዴክቲን-1 በሚባል ተቀባይ ለይተው ይውጡታል። ቲ ሴልና ኤንኬ ሴል ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክት ይለቃሉ፣ ይሄ መልእክት ሲደርሰው ማክሮፋጁ የዋጠውን የመግደል አቅሙ ይጨምራል። ከባድ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ያናጋበት ሁኔታ) ያሳለፈ ሰው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይሄ ሰንሰለት ይላላል። ሊምፎሳይቶቹ ይሞታሉ ይቀንሳሉ፣ ሞኖሳይቱ ላይ ኤችኤልኤ-ዲአር የሚባለው ምልክት ይወርዳል፣ ሰውየው የመጀመሪያውን ውጊያ ተርፎ ለሁለተኛው ባዶ እጁን ይቆማል። ሃይድሮኮርቲዞን በዚህ ላይ ሲጨመር መከላከያውን የባሰ ይጫነዋል፣ ስኳሩ 300 ሲሆን ደሞ ኒውትሮፊሉ ቁጥሩ ቢበዛም ስራው ይዳከማል። የእሷ ኒውትሮፊል ከፍ ብሎ ሳለ ፈንገሱ ለምን እንዳሸነፈ የሚገባን እዚህ ላይ ነው።

የጀመርነው ህክምና

ለእንዲህ አይነት ታካሚ በዓለም ላይ የመጀመሪያ ምርጫ የሚባሉት እነ ካስፖፈንጅንና ሚካፈንጅን ናቸው። ፋርማሲያችን ውስጥ የሉም፣ አዲስ አበባም ተጠይቆ ቶሎ የሚገኝ አልነበረም። የነበረን አምፎቴሪሲን ቢ ነው፣ ዲኦክሲኮሌት የሚባለው የድሮው አይነት። ኩላሊት ይጎዳል፣ ፖታሲየም ያጥባል፣ ሰው ያንቀጠቅጣል፣ ግን ይገድላል። ዝርያው ያልታወቀ ፈንገስ የያዛትን ሕመሟ የከፋ ታካሚ ለፍሉኮናዞል አደራ ከመስጠት እሱ ይሻላል ብለን በኪሎ 0.7 ሚሊግራም ጀመርን።

አምፎቴሪሲን ላይ ለሚሰሩ ነርሶች አንድ ነገር ልበል። በዲ5 (ስኳር ያለው ግሉኮስ) ብቻ ነው የሚበረዘው፣ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ ካስገባኸው ይቋጠራል። ሳላይኑ የሚሰጠው ለብቻው ነው፣ ከመድኃኒቱ በፊት፣ ኩላሊቷን ለመጠበቅ። ከዛ አምፎቴሪሲኑ ከ4 እስከ 6 ሰዓት በቀስታ ይወርዳል፣ ፖታሲየምና ክሬያቲኒን (የኩላሊት ልኬት) በየጊዜው ይታያል። እሷ ስኳር ስላለባት የዲ5ቱ ስኳር ደሞ በኢንሱሊን መመለስ ነበረበት። የመጀመሪያው ምሽት አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ተንቀጠቀጠች፣ እናቷ "ልጄ እየሄደችብኝ ነው" ብለው አዛን እንዳለቀ ዱዓቸውን ጀመሩ። "እማማ፣ መድኃኒቱ ነው፣ አይዞዎት፣ ይበርዳል" አልኳቸው፣ ፔቲዲንና ፓራሲታሞል ተሰጥቷት ፍጥነቱ ሲቀነስ በረደላት።

ላይኑ በዛው ቀን ወጣ። "ደም ሥሯ አስቸጋሪ ነው፣ ካወጣነው የት እናገኛለን" የሚል ክርክር ነበረ፣ በየዋርዱ የምሰማው ክርክር ነው። ግን ግፊት የሚጨምር መድኃኒት ከቆመ ቆይቷል፣ ቱቦው ደሟ ውስጥ ፈንገስ እየረጨ እላዩ ላይ መርዝ የመሰለ መድኃኒት መስጠት ምን ይሉታል። አኔስቴቲስቱ መጥቶ ሁለት እጇ ላይ ካኑላ አገኘላት፣ በየጊዜው ቦታ እየቀያየርን ሰጠናት። ሃይድሮኮርቲዞኑም ግፊቱ ከተስተካከለ በኋላ በሙሉ ዶዙ እየሄደ ነበር፣ ቆመ። ቫንኮማይሲን ምክንያት ስላልነበረው ቆመ፣ ሜሮፔነምም የሆድ ኢንፌክሽኑ ቀኑ ስለሞላ ተዘጋ። ኢንሱሊኑ በየ6 ሰዓቱ በሚለካ ስኳር እንዲሰጥ ሆነ፣ ከ140 እስከ 180 መሀል እንዲቆይ። በአፍንጫ ቱቦዋ ምግብ ከፍ ተደረገላት። ይሄ ገጽ ላይ የምጽፈው ሁሉ ቢረሳ ይሄ አንቀጽ እንዳይረሳ እፈልጋለሁ፣ ኢንተርፌሮን የሚያግዛቸው ሴሎች እንዲሰሩ መጀመሪያ የተደረገው ይሄ ነው።

ማሩ፣ ጥቁር አዝሙዱና የጅዳዋ እህት

እናቷ ማርና የጥቁር አዝሙድ ዘይት በብልቃጥ ይዘው መጡ። "ከሞት በቀር ለሁሉ መድኃኒት ነው ልጄ፣ በቱቦው አድርግላት" አሉኝ። እምነታቸውን አከብራለሁ፣ ወሎ ውስጥ አድጌ ጥቁር አዝሙድን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ግን ማሩ ስኳሯን ወደ 300 ይመልሰዋል፣ ዘይቱ ደሞ በቱቦ ገብቶ ቢመለስ ሳንባዋ ይገባል፣ ይሄን አስረዳኋቸው፣ "እሺ፣ ስትነሳ በእጇ ትቀምሰዋለች" ብለው ብልቃጡን ከረጢታቸው ውስጥ መለሱት። የምትበላበት ጊዜ ሲደርስ ከቤት የሚመጣው አጥሚትም ሾርባም እየታየ ይሰጣት ነበር።

ከባዱ ውይይት ከእህቷ ጋር ነበር። ጅዳ ነው ያለችው፣ ሰው ቤት ነው የምትሰራው፣ በኢሞ ደወለች፣ ትልቁ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። "ዶክተር፣ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል አለ አሉ፣ ኢሚዩኒቲ ያስነሳል፣ ፈንገሱን ይገድላል፣ ብሩን እኔ እልካለሁ፣ ወላሂ ደሞዜን በሙሉ እልካለሁ።" ከሷ የሰማሁት መረጃ ባዶ አልነበረም፣ ያነበበችውን ነገር በደንብ ነው የያዘችው። ለሷ ያስረዳኋትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ኢንተርፌሮን ጋማ በመርፌ መልክ ከተሰራ ቆይቷል። ክሮኒክ ግራኑሎማተስ ዲዚዝ የሚባል፣ ነጭ የደም ሴላቸው የዋጠውን መግደል የማይችል ሆነው ለሚወለዱ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ጥናት ከባድ ኢንፌክሽንን በደንብ ቀንሶላቸዋል፣ ባክቴሪያም ፈንገስም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኬፕታውን ጥናት ደሞ ለኛ ቅርብ ነው፣ ኤችአይቪ ካለባቸው 90 የክሪፕቶኮካል (ክሪፕቶኮከስ በሚባል ፈንገስ የሚመጣ) ማጅራት ገትር ታካሚዎች ውስጥ አምፎቴሪሲንና ፍሉሳይቶሲን ላይ ኢንተርፌሮን ጋማ የተጨመረላቸው ፈንገሱ ከአከርካሪ ፈሳሻቸው ቶሎ ጸድቷል፣ የሞት ልዩነት ግን ጥናቱ አላሳየም። ካንዲዳና አስፐርጊለስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሆላንድ የወጣው በ8 ታካሚ ላይ ነው፣ 100 ማይክሮግራም ከቆዳ ስር፣ በሳምንት 3 ጊዜ፣ ለ2 ሳምንት፣ ከፀረ ፈንገሱ ጋር። የሴሎቻቸው ምላሽ ተሻሽሏል፣ ኤችኤልኤ-ዲአራቸው ዝቅ ብሎ የነበረው ከፍ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደሞ ከቤልጂየም በፍንዳታ ተጎድታ ሙኮር የሚባለው ፈንገስ የበላት አንዲት ሴት ኒቮሉማብ ከሚባለው የካንሰር መድኃኒት ጋር ኢንተርፌሮን ጋማ ተሰጥቷት መዳኗ ተጽፏል። ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው፣ በደንብ ይሰጣል። ግን ስምንት ሰውና አንድ ሰው ነው፣ ማን ተረፈ ማን ሞተ ለማለት የሚበቃ ቁጥር አይደለም። ተስፋ ተጥሎበት የወደቀም አለ፣ የካንዲዳን ፕሮቲን የሚይዝ ማይኮግራብ የሚባል አንቲቦዲ መጀመሪያ ጥሩ ውጤት አሳይቶ የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ሳይፈቅደው ቀርቷል።

ሌላው የሚጠየቀው ነጭ የደም ሴል የሚጨምረው መርፌ፣ ጂሲኤስኤፍ ነው። ኬሞ ወስዶ ኒውትሮፊሉ ላለቀ ሰው ቦታ አለው። የእሷ ኒውትሮፊል ግን ብዙ ነው፣ የጎደላት ቁጥር አይደለም፣ ስለዚ ምንም አይጨምርላትም።

"ታዲያ ለሷ ጋማው አይሆንም ወይ?" አለችኝ። "እህቴ፣ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሳይለካ አይሰጥም" አልኳት። ሴፕሲስ ውስጥ ያለ ሰው መከላከያው የደከመም አለ፣ ከልክ በላይ የተቀጣጠለም አለ፣ ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ያተኩሳሉ ሁለቱም ይቃዣሉ። ለተቀጣጠለው ኢንተርፌሮን ጋማ መስጠት እሳቱን ማራገብ ነው። የሚለየው የሞኖሳይት ኤችኤልኤ-ዲአር ልኬት ነው፣ ፍሎው ሳይቶሜትር በሚባል ማሽን። ሲዲ4 የሚቆጠረውም በዚሁ ቴክኖሎጂ ነው፣ ለዚህ ምርመራ የሚሆነው ሪኤጀንትና አሰራር ግን እኛጋ የለም።

የመጣው ብልቃጥ

ቤተሰቡ ግን በዚህ መሀል ቴሌግራም ላይ ሻጭ አግኝቶ ነበር። ትልቁ ልጅ አንድ ማለዳ ፋርማሲ መስኮት ላይ መጣና ጥቁር ፌስታል አቀበለኝ፣ ከአዲስ አበባ በሌሊት አውቶቡስ ተልኮ የመጣ ነው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ካርቶን፣ በረዶ የለው ምን የለው። ካርቶኑን ከፍቼ ጽሁፉን አነበብኩት፣ ፔግኢንተርፌሮን አልፋ-2ኤ ይላል። ለሄፓታይተስ ቢና ሲ ሲሰጥ የነበረው ነው። ስሙ ኢንተርፌሮን ሆኖ ስራው የተለየ ነው፣ ነጭ የደም ሴልና ፕላትሌትም ይቀንሳል፣ ሊምፎሳይቷ 480 ለሆነ ሴት የሚሰጥ ነገር አይደለም። በዛ ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ሌሊቱን ሙሉ በጭነት ተጉዟል። ለልጁ ካርቶኑን አዙሬ "ወንድሜ፣ ይቺን ቃል እያት፣ አክስትህ ያለችው ጋማ ነው" አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና "ገንዘቡ እኮ የሰው ነው" አለኝ። በሻጩ ላይ የተሰማኝን ንዴት እስካሁን አልተወኝም። የሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ቤተሰብን፣ አረብ አገር ጎንበስ ብላ የምትሰራ ሴትን ላብ ነው የበላው። ብልቃጡ አልተሰጣትም፣ ለሚመለከተው ሪፖርት ተደርጓል።

እንዲህ አይነት ነገር የሚቀርብላችሁ አስታማሚዎች ብር ከመላካችሁ በፊት የመድኃኒቱን ሙሉ ስም በፎቶ አስልካችሁ ለታካሚያችሁ ፋርማሲስት አሳዩ፣ የግሪኩን ፊደል ስም (አልፋ ወይ ጋማ የሚለውን) ጨምሮ። ማሳየት ምንም አያስከፍልም።

ከዛ በኋላ

ትኩሳቷ ላይኑ በወጣ በሦስተኛው ቀን መውረድ ጀመረ። ካልቸር በየሁለት ቀኑ ይደገም ነበር፣ የመጀመሪያው ድጋሚ አሁንም ፈንገስ አበቀለ፣ የሚቀጥለው ምንም አላበቀለም። ቢያንስ 14 ቀን የሚባለው ህክምና የሚቆጠረው ከዚህ ንጹህ ከወጣው ቀን ነው፣ መድኃኒቱ ከተጀመረበት አይደለም፣ ይሄ ብዙ ቦታ ይሳሳታል። ክሬያቲኒኗ ግን ከ0.8 ወደ 2 ወጣ፣ ፖታሲየሟ 2.9 ደረሰ፣ አምፎቴሪሲኑን ይዘን ብዙ መሄድ እንደማንችል ገባን።

ፈንገሱ ሌላ ላብራቶሪ ተልኮ ነበር። ዝርያውን በቀለም በሚለይ አጋር (ጀርም የሚበቅልበት ምግብ) ላይ ሰማያዊ ሆኖ በቀለ፣ ካንዲዳ ትሮፒካሊስ ተባለ፣ ፍሉኮናዞልም ይሰራበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ውስጥ ትሮፒካሊስ ሁለተኛው ከፍተኛ ምድብ ውስጥ ነው ያለው። በዛው ሰሞን የዓይን ሐኪም አይታት ግራ ዓይኗ ረቲና ላይ ትናንሽ ነጫጭ ነጥቦች አገኘ። እሷ ምንም አላለችም ነበር፣ ደብዘዝ ይልብኛል እንኳን አላለችም፣ ባትታይ ኖሮ የሚታወቀው ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ነው። ካንዲዳ ደሙ ውስጥ የተገኘበት ሰው ሁሉ ዓይኑ ይታይ የሚባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የገረመኝ ነገር፣ ያ ስንመኘው የነበረው ካስፖፈንጅን ዓይን ውስጥ በደንብ አይገባም። ፍሉኮናዞል ግን ይገባል፣ በአፍ ተውጦም ከ90 ከመቶ በላይ ደም ውስጥ ይደርሳል። ወደሱ ቀየርናት፣ መጀመሪያ 800 ሚሊግራም፣ ከዛ ኩላሊቷ እስኪያገግም ግማሹን 200፣ ክሬያቲኒኑ ሲወርድ 400። ዓይኗ ስለተነካ የህክምናው ጊዜ ከ2 ሳምንት ወደ 4 እስከ 6 ሳምንት ረዘመ። ግሊበንክላማይዷን አስቆምነው፣ ፍሉኮናዞል ጉበት ላይ የሚወገድበትን መንገድ ስለሚዘጋ ስኳሯ ሳይታሰብ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች፣ ቤቷ ስትሄድ በኢንሱሊን ነው የሄደችው።

ሊምፎሳይቷ ስቴሮይዱ ከቆመና ስኳሯ ከተስተካከለ በሳምንቱ ከ480 ወደ 900፣ ከዛ 1400 ወጣ። ይሄ ቁጥር ብቻውን መከላከያዋ ተነሳ ብሎ አያስምልም፣ ኢንፌክሽኑም እየወጣ ነበር፣ ምግብም እየገባላት ነበር። ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው፣ ከውጭ ምንም የኢሚዩኒቲ መርፌ አልገባላትም።

ያም ሆኖ ጅዳ ያለችው እህቷ የጠየቀችኝ ጥያቄ ትክክል ነበር እላለሁ። ድጋሚው ካልቸር ፖዘቲቭ በመጣበት ቀን ላይኑ ወጥቶ፣ መድኃኒቱ እየሄደ፣ ሊምፎሳይቷ ገና ወድቆ ነበር። ያን ቀን ኤችኤልኤ-ዲአር መለካት ብንችልና ዝቅ ብሎ ብናገኘው ኢንተርፌሮን ጋማ ይታሰብ ከሚባልላቸው ሰዎች አንዷ እሷ ነበረች። ሦስተኛውም ካልቸር ፖዘቲቭ ቢመጣ ኖሮ ደሞ የምናደርገው ሌላ ነገር አልነበረንም። "ለኛ አገር አይሆንም" ብሎ መዝጋት አልወድም። የኬፕታውኑ ጥናት አፍሪካ ውስጥ፣ የመንግስት ሆስፒታል ታካሚ ላይ፣ እኛ በምንሰጠው አምፎቴሪሲን ላይ ነው የተሰራው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የተዘረፉ ጤና ተቋማት እቃቸውን እንደገና ሲያሟሉ አይቻለሁ፣ አንድ ሪኤጀንትና አንድ የሰለጠነ ባለሙያ ከዛ የሚከብድ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፣ ብለድ ካልቸር ጠርሙስ እያለቀበት፣ አላስፈላጊ ላይን ሳምንት እየቆየ፣ ካስፖፈንጅን መጋዘን ውስጥ ሳይኖር ኢንተርፌሮን ማስገባት ጣሪያውን ከግድግዳው በፊት መስራት ይሆናል።

ከዚህ ኬዝ በኋላ አይሲዩ ራውንድ ቅጽ ላይ በየቀኑ የምትሞላ አንዲት መስመር ተጨምራለች፣ "ላይኑ ዛሬ ያስፈልጋል ወይ፣ ለምን" የምትል፣ ከሷ ቀጥሎም ስቴሮይዱ። ካስፖፈንጅን እንዲገባ የግዥ ጥያቄ ቀርቧል፣ መልሱ ገና አልመጣም። ታካሚዋ ፍሉኮናዞሉን 6 ሳምንት ጨርሳለች። በመጨረሻው ምርመራ ዓይኗ ላይ ነጥቦቹ ጠባሳ ብቻ ሆነዋል፣ ታያለች፣ ክሬያቲኒኗ 1 ነው። ኮምቦልቻ ቅመም ንግዷ ላይ ተመልሳለች፣ ኢንሱሊኗን ጠዋትና ማታ የሚወጋት ትልቁ ልጅ ነው፣ የሚቀጥለው የዓይንና የስኳር ቀጠሮዋ አንድ ቀን ላይ እንዲሆን አድርገንላታል፣ ሁለቴ ደሴ እንዳትመላለስ።